አርባ ሦስት ድንጋዮች በፍስሐ ሜዳ በር

ለተከበሩ አቶ አሳምነው ውብሸት፣
የፍስሐ ሜዳ መዝናኛ ፓርክ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
አሶሳ።

በቀይ አፈራችን ላይ የብረት መዘውር ያቆሙ፣ ከማንጎ ዛፍ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥተው ለማያውቁ ልጆቻችን ሰማይን በቲኬት ያቀረቡ፣ ከባምባሲ እስከ ኩርሙክ ስምዎ በየሻይ ቤቱ የሚነሳ፣ ትጉሁና አርቆ አሳቢው ክቡር ሆይ፦ እንደምን ሰንብተዋል? ግንባርዎ እንደተዘጋ፣ የጎድን አጥንቶችዎ ቁጥራቸው እንደሞላ፣ የእጅዎ አንጓ ወደ ፈለጉበት እንደዞረ፣ ጉልበትዎ ሲያዝዙት እንደታጠፈና ሲያዝዙት እንደተዘረጋ ይኖርልዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። የጤና ምኞቴን እንዲህ በየአካሉ ከፋፍዬ ማቅረቤ ከሥርዓት የወጣ መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከበርዎ ፊት ቆመን የነበርነው ሰዎች ብዙዎቻችን ከእነዚህ አንዱ ጎድሎብን ወደ ቤታችን ስለተመለስን፣ ጤና በጅምላ የሚመኙት ነገር አለመሆኑን በዚያው ዕለት ተምረናል።

እኔ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር መጥቼ፣ በዚሁ ከተማ ለሠላሳ አራት ዓመታት አማርኛ አስተምሬ፣ በዚሁ የሸመገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሣጥንዎ ከማስገባት ይልቅ በአደባባይ የማወጣው፣ ሽመክት የተባለው የሰፈራችን የቦኖ ውሃ ጠባቂ፣ በእርስዎ ፊርማ በቀረበ አቤቱታ፣ «ለሁከት የሚውሉ አርባ ሦስት ድንጋዮችን በፓርኩ በር ላይ አከማችቷል» ተብሎ ከቅዳሜ ጀምሮ በፖሊስ ጣቢያ ስለሚገኝ፣ የፊታችን ማክሰኞም በጊዜ ቀጠሮ ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ ነው። ድንጋዮቹን ያከማቸነው እኛ ሁላችን ነን፤ ያከማቸንበትም ምክንያት፣ እንደማስረዳዎ፣ የእርስዎን ምክር አክብረን ለመዝናናት ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ ያስለጠፈውን «አንድ ቀን፣ ሙሉ ደስታ» የተሰኘ ባለ ሰባት ነጥብ ምክር ባነበብኩ ጊዜ፣ ሥርዓት ያለው ሰው መጣልን ብዬ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ፓርክዎ ለሕዝብ የሚከፈተው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጄ ኤፍራታም፣ ዐሥር ዓመቷ ነው፣ ከካማሺ፣ «መንገድ» ተብሎ በሚጠራው ጉድጓድ ላይ ስትንገጫገጭ ውላ ኀሙስ ገብታ፣ እሑድ በማለዳው መኪና መመለስ ነበረባት፤ ስለዚህ ያለን ቀን አንድ ብቻ ነበር። ይህን አንድ ቀን ለማብቃቃት፣ ፈተና አወጣ እንደነበረው ተጠንቅቄ፣ ሰዓት፣ ጨዋታና ምክንያት በሚሉ ሦስት ዐምዶች ዕቅድ አወጣሁ። ትልቁ መዘውር በሩ እንደተከፈተ፣ ብረቱ በፀሐይ ሳይግል፤ ዥዋዥዌው መርከብ ቀጥሎ፣ ሆድ ምሳ ሳይዝ፤ ተጋጪዎቹ መኪኖች በስድስት ሰዓት፣ ሕዝቡ ከጥላ ሥር ለምሳ ሲቀመጥ፤ የውሃው መንሸራተቻ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልብስ ለማድረቅ የሚበቃ ፀሐይ እንዲተርፍ፤ ትንሿ ባቡር በመጨረሻ፣ ሁሉም ሲደክመውና ወረፋው ሲሳሳ። ኤፍራታ ዕቅዱን በቃሏ ይዛው ነበር፤ ከመዘውሩ ጫፍ ላይ ካማሺ ትታይ እንደሆነ ግን ልትጠይቀኝ አልደፈረችም፤ ካማሺ ያለችውን እናቷን ነው በስልክ የጠየቀቻት።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ ሁለቱን መለየት ስላቃተኝ አደባልቄ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ ሁለተኛ ነጥብ አመሰግናለሁ። «ወረፋዎን አስቀድመው ይያዙ» ይላል፤ ሕዝቡም በሚያውቀው መንገድ ያዘ። ክቡርነትዎም ሆኑ የጥበቃ ሠራተኞችዎ ለአገሩ እንግዶች ስለሆናችሁ ያልተነገራችሁን ልንገርዎ፦ በእኛ ሰፈር የቦኖ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የሚሰለፈውም ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ለቤት ሲፈለግ ደግሞ በቦታው ድንጋይ ይተካል። ድንጋዩ ከተቀመጠ ባለቤቱ እዚያ እንደቆመ ይቆጠራል፤ ማንም አያነሳውም፣ ማንም አይገፋውም፤ ሰክሮ የሚያልፍ ሰው እንኳ ዞሮት ያልፋል። ዐምና አንዲት ጎረቤታችን ድንጋይዋን አስቀምጣ ሄዳ በዚያው ቀን ብታርፍ፣ ድንጋይዋ ተራዋን ጠብቆ ለለቅሶዋ የሚሆነው ውሃ በእርሱ ተቀዳ። ይህን ሥርዓት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ያስከበረው፣ የቡለን ተወላጅ የሆነው ይኸው ሽመክት ነው። ስለዚህ ዐርብ ከቀትር በኋላ ሕዝቡ ወደ በርዎ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ፣ እርሱን ጠርቶ ተራ አስከባሪ ማድረጉ፣ እኔንም ሰማያዊ ቀለም አስይዞ ጸሐፊ ማድረጉ የተፈጥሮ ሕግ ያህል ግልጽ ነበር።

ያን ከሰዓት እርስዎ በነበሩ። ሽመክት ከበርዎ እስከ መንገዱ ዳር ገመድ ወጥሮ ድንጋዮቹን በገመዱ ልክ ደረደረ፤ እኔም በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር፣ ስምና የቤተሰብ ብዛት ጻፍኩ። «መምህር፣ ቁጥሩን ከላይ፣ ስሙን ከሥር ያድርጉልኝ፤ ውሃ አይደለም ተብሎ ሥርዓት አይቀርም» ይለኝ ነበር። አንዱ ጎረምሳ ሁለት ድንጋይ ታቅፎ መጥቶ «አንዱ የኔ፣ አንዱ የአማቴ» ቢለው፣ «አማትህ ከመርከቡ ላይ ብትወድቅ የሚጠየቀው ማነው? እሷ መጥታ በእጇ ታስቀምጥ» ብሎ መለሰውና ሕዝቡ ሳቀ። በበርዎ አጠገብ ኦቾሎኒ የምትሸጠው ኢንቲሳር ለሦስት ልጆቿ ሰባተኛ ቁጥር ስትይዝ፣ «ያ ኡስታዝ፣ የኔን ትልቅ አድርገህ ጻፍ፤ ወላሂ ዘበኛው ዓይኑ ደካማ ከሆነ በኋላ ጣጣ ነው» አለችኝ። ትልቅ አድርጌ ጻፍኩላት። የዘበኛው ዓይን ግን ደካማ አልነበረም፤ ማንበብ ብቻ አልፈለገም። ሲመሽ አርባ ሦስት ድንጋይ በአንድ መስመር ቆመ፤ የኤፍራታ ዐሥራ ሁለተኛው ነበር። እያንዳንዳችን ቤታችን ገብተን ተኛን፤ ድንጋዮቻችን ቆሙልን።

ሁለተኛ፣ ፓርክዎ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ፣ ያለ ቲኬትና ያለ አድልዎ፣ በውጭ ላሳዩን ጨዋታ አመሰግናለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከየድንጋዩ አጠገብ በጸጥታ ቆሞ ሳለ፣ የጥበቃ ኃላፊዎ አቶ ምንያህል ዐሥራ አራት ሰዎች አስከትለው በጠባቡ በር ወጡ፤ ግማሾቹ ቆመጥ፣ ግማሾቹ ከግንባታው የተረፈ ፌሮ ይዘው ነበር። ኃላፊው የመስመሩን ርዝመት ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱና፣ «ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ላይ ልትወረውሩ ነው የሰበሰባችሁት?» አሉ። ሽመክት ባርኔጣውን አውልቆ «ወረፋ ነው፣ ጌታዬ» አላቸው። «ወረፋ የሚይዘው ሰው ነው እንጂ ድንጋይ ነው?» ቢሉት፣ «እዚህ ድንጋዩም ሰው ነው፤ ስሙም ተጽፎበታል፣ ይመልከቱት» ብሎ መለሰ። ኃላፊው አልተመለከቱም፤ አምስተኛውን ድንጋይ በጫማቸው አንከባለሉት። ሽመክትም፣ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዳደረገው፣ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው።

የመጀመሪያው ፌሮ ያረፈው በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ነው። እንደ ደረቅ ቀርከሃ ሲሰበር የሰማነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ከመንገዱ ማዶ ባጃጃቸውን የሚያጥቡትም ቀና ብለዋል። ድንጋዩን ጥሎት ነበርና በግራ እጁ አንሥቶ እንደገና በገመዱ ልክ አስቀመጠው። ሁለተኛው በጉልበቱ ላይ፣ ሦስተኛው በጀርባው ላይ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መቁጠር የተማረ ሰው ሥራ አይደለም፤ ዐሥራ አራቱም ወደ መስመሩ ገብተው እህል የሚወቁ መስለው ነበርና። ኢንቲሳር ልጆቿን ከቀሚሷ ኋላ ደብቃ ቆማ ሳለ ቆመጡ ግንባሯን ከፈለው፤ ደሙ ዓይኗን ሞልቶት እንኳ እጇን ዘርግታ የልጆቿን ራስ ትቆጥር ነበር። ከሆሞሻ የመጡ አንድ ሽማግሌ በአንገት ልብሳቸው ተይዘው በአጥርዎ ሽቦ ላይ ሲጎተቱ ጀርባቸው እንደ ታረሰ መሬት ተሸነታተረ። ሽመክት በበኩሉ መቆም ሲያቅተው በመስመሩ ላይ በደረቱ ተኛ፤ በሰውነቱ የሸፈናቸው ድንጋዮች ስድስት ነበሩ፤ የጥበቃዎቹ ቦቲ በጎኑ ላይ ሲወርድ እርሱ የሚያሰማው ድምፅ «ዐሥራ ዘጠኝን አትርገጡ፣ የሕፃን ናት» የሚል ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ በርዎ ጥንካሬ እንኳን ደስ አለዎ እላለሁ። ሕዝቡ ሸሽቶ ሲገፋፋ ዐጥሩ ጎበጠ፣ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ በእርሱና በሕዝቡ መካከል የነበሩት ሰዎች የጎድን አጥንቶች ከእርስዎ ብረት ያነሰ ጥራት እንዳላቸው በአራት ሰዎች ላይ ተረጋግጧል። ኤፍራታ እጄን ለቅቃ የወደቀችው በዚያ ጊዜ ነው። የሰው እግር ሁሉ አልፏት ሄዶ ነበር፤ አንድ የጥበቃ ቦቲ ግን አላለፋትም፤ በግራ ክንዷ ላይ ቆሞ፣ በዚያው ላይ ዞሮ፣ ሌላ ሰው ሊመታ ሄደ።

አራተኛ፣ እውነት ለመናገር ተምሬ እውነት ለመናገር ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ከእኛ ወገን የሆነውን አልሸሽግም። ዱላው ከጀመረ በኋላ ሦስት ድንጋዮች ተወርውረዋል፤ አንዱ የፓርክዎን የቲኬት መስኮት ሰብሯል፣ ሁለቱ ማንንም አልነኩም። ከሦስቱ አንዱም ከመስመሩ የተነሣ አልነበረም፤ በደም የታወረ ሰው እንኳ፣ የጎረቤቱን ስም የተሸከመ ድንጋይ ከሚወረውር ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር ጠጠር ፈልጓል። እኔም፣ የልጅ ልጄን ክንድ የረገጠውን ሰው፣ በምመረኮዘው በቆላ ቀርከሃ፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የዚህ አገር ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነው፣ ሁለት ጊዜ በትከሻው ላይ መትቼዋለሁ። በሁለተኛው በጉልበቱ ወድቋል። ሦስተኛውን ልጨምርለት እጄን አንሥቼ ነበር፤ ያቆመኝ ምሕረት ሳይሆን ትንፋሽ ማጣት ነው። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ በሰባ ሦስት ዓመቴ በውስጤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ያሳወቁኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ባለውለታዬን ለይቼ ለማወቅ ነው። ሽመክት ግን ጠጠር እንኳ አልወረወረም፤ ይህን የምመሰክረው የመታሁት እኔ ነኝ።

አምስተኛ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ። በሩ ልክ በሁለት ሰዓት ተከፈተ፤ በድምፅ ማጉያውም «ውድ ጎብኚዎቻችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ» ተባለ። በዚያን ሰዓት ሽመክትን በመጫኛ ፒክአፕ ላይ በሆዱ አስተኝተው፣ የተሰበረውን እጅ ከደኅናው ጋር ወደ ኋላ አስረው እየወሰዱት ነበር፤ እኛ ደግሞ በጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተራ እንጠብቅ ነበር፤ በዚያም ከፊታችን ኢንቲሳር፣ ከኋላችን የሆሞሻው ሽማግሌ ነበሩ፤ መስመሩ ሳይዛነፍ ሕንፃ ብቻ ለወጠ ማለት ነው። ከአግዳሚው ትልቁ መዘውርዎ በግልጽ ይታያል። ባዶውን ይዞር ነበር። ኤፍራታ ክንዷ በካርቶን ታስሮ፣ ለረጅም ጊዜ ተመልክታው፣ «አባባ፣ የእኛ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» አለችኝ። ዕቅዱ በኪሴ ነበረ፤ አላወጣሁትም። እሑድ በዚያው መንገድ፣ አዲስ በተጀሰሰ ክንድ፣ ወደ ካማሺ ተመለሰች፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ምን እንደተሰማት እናቷ በስልክ ልትነግረኝ ጀምራ ተወችው።

ስድስተኛና የመጨረሻ፣ ስለ ውበት ወዳድነትዎ። ጥበቃዎችዎ ከመስመሩ አንሥተው የከመሯቸውን ድንጋዮች ፖሊስ ከሩቅ በአንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ክምሩን ለእርስዎ በዐደራ ትቶት ሄዷል። በፎቶግራፉ ላይ ስም አይነበብም፤ ሩቅ ነው። ድንጋዮቹን በእጁ ያገላበጠ ዳኛ ግን ቁጥሩን፣ ስሙንና የቤተሰቡን ብዛት በሰማያዊ ቀለም ያነባል፤ ጽሕፈቱም የእኔ ነው፤ በዚህ ከተማ ካሉት ዳኞችና ጠበቆች መካከል ፊደሌን የማያውቅ ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹን ያስጻፍኳቸው እኔ ነኝና። ኢንቲሳር ግንባሯን ሰባት ቦታ አሰፍታ ወደ ኦቾሎኒዋ ከተመለሰች ወዲህ በአጥሩ ቀዳዳ ስትመለከት፣ ትናንት ኀሙስ ሠራተኞችዎ ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ ድንጋዮቹን በኖራ እየቀቡ ለአበባው መደብ ዳር ሲደረድሩ አይታለች። ዐሥራ ሰባት ነጭ ሆነዋል። «ያ ኡስታዝ፣ የኔንም ቀቡት፣ ትልቅ አድርገህ ጽፈህ አልዳነም» ብላኛለች። አበባዎችዎ ያምሩ ይሆናል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ የኖራ ቡሩሽ አንድ ምስክር ከሽመክት ወገን እየተሰረዘ መሆኑን አላወቁ እንደሆነ፣ አሁን አውቀዋል፤ ከዛሬ በኋላ የሚቀባው እያንዳንዱ ድንጋይ እያወቁ የተቀባ ነው። የሽመክት ባለቤት ታየች ስንቅ ይዛ በየዕለቱ ጣቢያው ትሄዳለች፤ የእጁ አንጓ እንደ እንቧይ አብጦ እንደጠቆረና፣ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ እንደተሳነው ነግራኛለች። በዚያ እጅ ነበር ገመዱን የወጠረልን።

ረቡዕ ዕለት የቦኖው ውሃ መጣ። ተራ አስከባሪ አልነበረም። ጀሪካን ተረገጠ፣ ሁለት ሴቶች በጠርሙስ ተፈነካከቱ፣ ድንጋዮችም ከመስመር ተነሥተው ተወረወሩ፤ በዚህ ሰፈር በኖርኩበት ዘመን የወረፋ ድንጋይ ሲወረወር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ በአቤቱታዎ የጻፉት ነገር፣ በጻፉት በአራተኛው ቀን እውነት ሆነ።

ከምስጋና የማይጎድል አክብሮቴን፣ አንድ ዐይኑ በቆመጥ ዐብጦ ከመነጽር ጋር ከተጣላ ፊትና ከማይያዝ ትንፋሽ ጋር አቅርቤ፣ ለመዘውርዎ ዘይት፣ ለበርዎ ዝገት አልባ ዘመን፣ ለእርስዎም ወረፋ የማያስፈልገው ሕይወት እየተመኘሁ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ገላው ይመር፣
ጡረተኛ መምህር፣ የዐርብ ከሰዓት ጸሐፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የመታሁት እኔ ነኝ ብዬ ቃል ልስጥ ብል፣ መርማሪው ወንበር ሰጥተውኝ ውሃ ካጠጡኝ በኋላ፣ «አባባ፣ አቤቱታው ላይ እርስዎ የሉበትም፤ ቤትዎ ገብተው ይረፉ» ብለው ሸኝተውኛል። እንግዲህ በፓርክዎ ደንብ የመታ በአልጋው ያድራል፣ የተመታ በሲሚንቶ ላይ ይተኛል፤ ይህን ስምንተኛ ነጥብ አድርገው በምክርዎ ላይ ቢጨምሩት ጎብኚዎች ቀናቸውን በተሻለ ያቅዱበታል። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኖራ ያልነካቸውን ሃያ ስድስት ድንጋዮች፣ ጽሕፈታቸው ሳይታጠብ፣ እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረስ ለፖሊስ ያስረክቡ።